የጣናን ወለልና ዳርቻ በስሪዲ መሥራት፦ ከጎርጎራ የሚጀምር ዝርዝር መመሪያ

ከጎንደር እስከ ጎርጎራ ያለው መሬት በሳተላይት መረጃ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ተራራው አለ፣ የመገጭ ሸለቆ አለ፣ የደምቢያ ሜዳ አለ። ውሃው ጋ ሲደርስ ግን መረጃው ያቆማል። ጣና አንድ ጠፍጣፋ ነገር ሆኖ ይቀራል። መሬቱ ግን እዚያ አላለቀም። ውሃው ሥር ገብቶ ይቀጥላል።

ይህን የተደበቀ መሬት ከዳርቻው ጋር አገጣጥመን በስሪዲ እናወጣዋለን። ሶፍትዌሩ ኪውጂአይኤስ የሚባል የካርታ መሥሪያ ነው። ነጻ ነው፣ ፈቃድ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ሦስተኛው ስሪት ጀምሮ የስሪዲ መስኮት በውስጡ አለ። ራሙ 8 ጊጋ የሆነ ላፕቶፕ ይበቃል።

አዝራሩን መጫን ማንም ይችላል። ሥራውን የሚያበላሹት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ ዜሮው የት ነው? ከፍታውስ ስንት ጊዜ ተጋነነ? ሌላው ሁሉ እነዚህን ለመመለስ የሚደረግ ዝግጅት ነው።

በቀይ ባሕር እጅ ማፍታታት

ጣና ላይ ከመግባታችሁ በፊት መረጃው ተዘጋጅቶ በተቀመጠ ባሕር ተለማመዱ። ጌብኮ የሚባል ዓለም አቀፍ የባሕር ጥልቀት ካርታ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1903 በሞናኮው ልዑል ቀዳማዊ አልበርት አነሳሽነት ነው የተጀመረው። ዛሬ የመላውን ዓለም የባሕር ወለልና የየብስ ከፍታ በአንድ ራስተር፣ ማለትም እያንዳንዷ ካሬ ቁጥር በያዘችበት ምስል፣ በነጻ ይሰጣል። አንዷ ካሬ በዲግሪ ልኬት 15 ሰከንድ ናት፤ በእኛ አካባቢ 450 ሜትር ገደማ ማለት ነው።

የማውረጃ ገጹ ላይ ከ14 እስከ 17 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ39 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ብላችሁ ቁረጡ። ምጽዋ፣ የዳህላክ ደሴቶችና ዳሎል አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ፎርማቱ ጂኦቲፍ ይሁን።

ፋይሉ አግድሙን የሚለካው በዲግሪ ነው፣ ከፍታውን በሜትር። ሁለቱ ካልተስማሙ ስሪዲ አይሠራም። ስለዚህ ራስተር ከሚለው ሜኑ ዋርፕን ክፈቱና ወደ ኢፒኤስጂ 32637 ቀይሩት። ይህ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን የሚባል፣ አግድሙን በሜትር የሚለካ ሥርዓት ነው። ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን ስለሚሸፍን ለዳህላክም ለጎንደርም ይሆናል። ፕሮጀክቱንም በዚሁ ቁጥር አስተካክሉት። ዋርፕ ውስጥ ሪሳምፕሊንግ የሚል ምርጫ ታያላችሁ። እንዳለ ከተዋችሁት የቅርቧን ካሬ ቁጥር እንዳለ ስለሚገለብጥ መሬቱ ይሰባበራል። ባይሊኒየር ወይም ኪዩቢክ አድርጉት።

አሁን ቀለም ስጡት። ከዜሮ በታች ሰማያዊ፣ ከዜሮ በላይ ቡናማ። የዳህላክ ጥልቀት የሌለው መደብ ከደሴቶቹ ዙሪያ ተዘርግቶ፣ ወደ መሃል ሲሄድ ድንገት ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወርድ ታያላችሁ። አንድ አስቂኝ ነገርም ይመጣል፦ ዳሎል ባሕር ትሆናለች! ዳሎል ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ደረቅ መሬት ናት። ሶፍትዌሩ ውሃ የሚባል ነገር አያውቅም፣ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ውሃው የት እንዳለ በዳርቻ መስመር የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። ጣና ላይ ይህ ጉዳይ ተመልሶ ይመጣል።

ጌብኮ ቲአይዲ የሚባል ተጓዳኝ ራስተርም ይሰጣል። እያንዳንዷ ካሬ በመርከብ ተለክታ እንደሆነ ወይም ከሳተላይት የስበት መረጃ ተገምታ እንደሆነ ይናገራል። ክፈቱት። ባሕሩ ላይ በጣም ለስላሳ የሚመስለው ቦታ ብዙ ጊዜ ማንም ያልለካው ቦታ ነው።

የየብሱ ከፍታ

ወደ አገራችን እንመለስ። ለጣና ጌብኮ አይጠቅምም። ካሬው ሰፊ ነው፣ ሐይቁም እዚያ ውስጥ ጠፍጣፋ ነው። የምትፈልጉት ባለ 30 ሜትር የከፍታ ራስተር ነው፤ በባለሙያው አፍ ዴም ይባላል።

ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ኤስአርቲኤም ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀን በረራ የሰበሰበችው። ሁለተኛው ኮፐርኒከስ ዴም ነው፤ ከዚያ በኋላ በጀርመን ሳተላይቶች የተለካ። ሁለቱንም ኦፕንቶፖግራፊ ከሚባለው ድረ ገጽ በነጻ አካውንት ማውረድ ይቻላል። የ11 እና የ12 ዲግሪ ሰሜን፣ የ37 ዲግሪ ምሥራቅ ሁለት ቁራጮች ጣናንም ጎንደር ከተማንም ይይዛሉ። ኢንተርኔቱ ደህና በሆነበት ሰዓት አውርዷቸው።

እኔ ኮፐርኒከስን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ደምቢያ ነው። ኤስአርቲኤም ከፍታውን በሙሉ ሜትር ነው የሚጽፈው፦ 1,790፣ 1,791፣ 1,792። ሜዳው ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ ከፍታውን 50 ጊዜ ስታጋንኑት እያንዳንዷ ሜትር የ50 ሜትር ገደል ትሆናለች። ደምቢያ እርከን የተሠራበት ተራራ ይመስላል። ኮፐርኒከስ ሜትሩን ከነነጥቡ ስለሚጽፍ ይህ ችግር የለበትም።

ሁለቱም የሚለኩት የላይኛውን ገጽ እንደሆነ አትርሱ። ዛፉም ጣሪያውም ተለክቷል። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለ ጥድና ወይራ፣ ሜዳ መሃል ከሆነ፣ ሲጋነን ኮረብታ ሆኖ ብቅ ይላል። ዳር ላይ ያለው ደንገልና ፊላም እንደዚያው።

የሐይቁ ዳር

ለዳርቻው ሴንቲኔል 2 የተባለውን ሳተላይት ምስል ተጠቀሙ፤ ካሬው 10 ሜትር ነው። የክረምቱን ወራት ዝለሉ፣ ደመና ነው። ከጥቅምት በኋላ ያለው ይሻላል።

ውሃን ከየብስ የሚለየው ቀመር ቀላል ነው። ራስተር ካልኩሌተር ውስጥ ከአረንጓዴው ባንድ (የብርሃን ክፍል) ኢንፍራሬዱን ቀንሱ፣ ውጤቱን ለሁለቱ ድምር አካፍሉ። ከዜሮ በላይ የሆነው ውሃ ነው። ባንዶቹ ቁጥር 3 እና ቁጥር 8 ናቸው። ውጤቱን ወደ ፖሊጎን (ዝግ ቅርጽ) ቀይሩና ትልቁን አስቀሩ።

ጣና ላይ ግን ቀመሩን የሚያሳስት ነገር አለ፤ እምቦጭ። አረሙ ኢንፍራሬድን እንደማንኛውም ቅጠል አብዝቶ ስለሚመልስ ኮምፒውተሩ የብስ ነው ይላል። በሰሜን ምሥራቁ ዳር፣ እምቦጭ በበዛበት ወቅት የተነሣ ምስል ከወሰዳችሁ ሐይቁ ከእውነተኛው ጠብቦ ይወጣል። መድኃኒቱ የተለያዩ ወራት ምስሎችን አስተያይቶ፣ የአጠራጣሪውን ቦታ መስመር በእጅ ማስተካከል ነው። ሰነፍ ሥራ ይመስላል እንጂ ዋናው ሥራ እሱ ነው።

ጥልቀቱ ከየት ይመጣል?

ሳተላይቱ የጣናን ወለል አያይልንም። ውሃው ደለል የበዛበት ነው፣ ብርሃን ብዙ አይዘልቀውም። ሁለት መንገድ ይቀራል።

የመጀመሪያው ሰው የለካውን መውሰድ ነው። ስለ ጣና በተሠሩ ጥናቶች ውስጥ የጥልቀት መስመር ያለባቸው ካርታዎች አሉ። ካርታውን ስካን አድርጋችሁ ጂኦሪፈረንሰር በሚባለው መሣሪያ ቦታው ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ መስመሮቹንም እየተከተላችሁ ትስላላችሁ። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። የቆዩ የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን በሚባል መነሻ የተሠሩ ናቸው፣ ጂፒኤስ ደግሞ በዳብሊውጂኤስ 84 ነው የሚሠራው። ሁለቱን ከደባለቃችሁ ሁሉም ነገር 200 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። አሮጌ ካርታ ከሆነ መጀመሪያ ኢፒኤስጂ 20137 ስጡት፣ ከዚያ ወደ 32637 ይቀየር።

ሁለተኛው ራሳችሁ መለካት ነው። ሐይቁን ሁሉ ማለቴ አይደለም። የጎርጎራን ልሳነ ምድርና አጠገቡ ያለውን ወሽመጥ ብትለኩ ይበቃል። ጎርጎራ ጥሩ ቦታ ናት፦ በአንድ በኩል ድንጋያማ ኮረብታ ቀጥ ብሎ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ በሌላ በኩል ሜዳው ሳይታወቅ ይሰምጣል። በስሪዲ ልዩነቱ ያምራል።

ገንዘብ ካላችሁ በድምፅ ጥልቀት የሚለካ ኢኮ ሳውንደር፣ ከሌላችሁ ገመድ። ገመዱ ላይ በየግማሽ ሜትሩ ምልክት እሰሩ። ክብደቱ ጠፍጣፋ ብረት ይሁን። ሾል ያለ ድንጋይ ጭቃው ውስጥ ይሰምጥና ጥልቀቱን ያበዛል። ኢኮ ሳውንደር የያዘ ሰው ደግሞ ጠዋት ላይ አንድ ቦታ በገመድም በመሣሪያም ለክቶ ያመሳክር። መሣሪያው የድምፅን የደርሶ መልስ ጊዜ ቆጥሮ ነው ጥልቀት የሚናገረው፣ ድምፅም እንደ ውሃው ሙቀት ፍጥነቱ ይለያያል። ጭንቅላቱ ከውሃው ገጽ በታች ስንት ሴንቲ ሜትር እንደተሰቀለም መዝግቡ፤ ያ ይደመራል።

በጠዋት ውጡ። ከሰዓት ነፋስ ሲነሣ ጀልባው ይናወጣል፣ ልኬቱም አብሮ። ላይፍ ጃኬት የግድ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ዓሣ አጥማጅ አብሯችሁ ቢሄድ፣ የት ላይ ድንጋይ እንዳለ ከማንኛውም ካርታ በላይ ይነግራችኋል። የጀልባው መስመር ከዳሩ ወደ መሃል ቀጥ ይበል። ከዳሩ ጋር ትይዩ ከሄዳችሁ ቁልቁለቱ ያመልጣችኋል።

ከመነሣታችሁ በፊት ዳር ላይ አንድ ዘንግ ትከሉና የውሃውን ደረጃ ምልክት አድርጉ። የጣና ውሃ በክረምቱ ማብቂያ ሞልቶ በሰኔ ይጎድላል፣ ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል። ሐይቁ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ይህ ቀላል አይደለም። በተለያየ ወር የለካችሁትን ሳታስተካክሉ ካዋሃዳችሁ የሌለ ደረጃ ትፈጥራላችሁ።

ከነጥብ ወደ ወለል

መዝገቡን ሲኤስቪ አድርጋችሁ ዲሊሚትድ ቴክስት በሚለው መንገድ አስገቡ። ኤክስ ኬንትሮስ ነው፣ ዋይ ኬክሮስ ነው። ከተገለባበጡ ነጥቦቻችሁ ሜዲትራንያን ባሕር ውስጥ፣ ሲሲሊ አጠገብ ይወድቃሉ። ነጥቦቹን ወደ 32637 ቀይሩ።

ቀጥሎ የሐይቁን ዳር መስመር ወደ ነጥቦች ለውጡና ጥልቀታቸውን 0 ስጡ። ከልኬቱ ጋር አንድ አድርጓቸው። ይህን የዘለለ ሰው ወለሉ ዳሩ ላይ ሳይደርስ በአየር ላይ ይቀርበታል።

አሁን ፕሮሰሲንግ ቱልቦክስ ውስጥ በነጥቦች መካከል ያለውን የሚገምተውን፣ ኢንተርፖሌሽን የሚለውን ክፈቱ። አይዲዳብሊው አለ፣ ቲን አለ። አይዲዳብሊው በየነጥቡ ዙሪያ ክብ ጉድጓድ ይሠራል፣ ለጀልባ ልኬት አልወደውም። ቲን ነጥቦችን በሦስት ማዕዘን ስለሚያገናኝ ሐቀኛ ነው፤ የት እንዳልለካችሁ በግልጽ ያሳብቃል። ኢኮ ሳውንደር በየሰከንዱ መዝግቦ መስመሮቹ ግን ከተራራቁ ቀጭን ረጃጅም ሦስት ማዕዘኖች ይወጣሉ። መፍትሔው በመስመሩ ላይ ያሉትን ነጥቦች ማሳሳት ነው። ለስላሳ ወለል የሚፈልግ ግራስ በሚባለው የመሣሪያ ስብስብ ውስጥ ያለውን ስፕላይን ይሞክር።

የካሬው ስፋት በመስመሮቹ መካከል ካለው ርቀት ግማሽ ገደማ ይሁን። 200 ሜትር ተራርቆ የተለካን ነገር 5 ሜትር ካሬ ማድረግ ፋይል ማወፈር ብቻ ነው።

ዜሮውን ውሃው ላይ ማድረግ

የዚህ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው። ዴሙ ከባሕር ጠለል ይለካል፤ ጣና ላይ 1,786 አካባቢ ይላል። የእናንተ ልኬት ደግሞ ከውሃው ገጽ ወደ ታች ነው። ብዙ ሰው ጥልቀቱን ወደ ባሕር ጠለል ለመቀየር ይታገላል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፦ የሐይቁን ገጽ ዜሮ አድርጉት።

አይደንቲፋይ በሚለው ጠቋሚ ዴሙ ላይ ሐይቁን ጠቅ አድርጉና የሚያሳየውን ቁጥር ያዙ። በራስተር ካልኩሌተር ያን ቁጥር ከሙሉው ዴም ቀንሱ። የጎንደር ከተማ 350 ሜትር ገደማ፣ ደምቢያ ጥቂት ሜትር፣ ሐይቁ 0 ይሆናል። የጥልቀት ራስተራችሁን ደግሞ በ −1 አባዙት፣ በሐይቁ ፖሊጎንም ቁረጡት። አሁን ሁለቱ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ።

መርጅ በሚለው መሣሪያ አዋህዷቸው። ዴሙ መጀመሪያ፣ ወለሉ ቀጥሎ፤ በኋላ የገባው ከላይ ይሆናል። ባዶ ካሬዎች ኖ ዳታ ተብለው መመዝገባቸውን አረጋግጡ። ስሪዲው ውስጥ ሐይቁ ዳር ማለቂያ የሌለው ገደል ካያችሁ፣ −9999 የሚለው ቁጥር እንደ ጥልቀት ተቆጥሮ ነው።

ዜሮውን ውሃው ላይ ማድረግ ሌላም ጥቅም አለው። ስታጋንኑ ዜሮ ሁልጊዜ ዜሮ ነው። የውሃው ገጽ ከወለሉ ተላቆ ሰማይ ላይ አይንሳፈፍም።

ስንት ጊዜ እናጋንን?

ጣና ከሰሜን ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥልቀቱ 14 ሜትር። ሐይቁን በኤፎር ወረቀት ርዝመት ልክ ብታሳንሱት ውሃው ከወረቀቱ ውፍረት ግማሽ ያህል ብቻ ይሆናል። በእውነተኛው መጠን የሚታይ ነገር የለም።

ሁሉንም 60 ጊዜ ካጋነናችሁ ወለሉ ይታያል፣ ግን ጎንደር ከሐይቁ 20 ኪሎ ሜትር በላይ ተሰቅላ እንደ ጦር ትቆማለች። ስለዚህ የሐይቁን ክፍል ለብቻው አጋንኑ። ከመርጅ በፊት ወለሉን በ20 አባዙት። 14 ሜትሩ 280 ይሆናል፣ ጎንደር ካለችበት 350 ጋር ይመጣጠናል። ከዚያ ሙሉውን በስሪዲ መስኮቱ 3 ጊዜ ታነሡታላችሁ። ያልተባዛውን ፋይል በሌላ ስም አስቀምጡ።

ይህ ማታለል አይደለም ወይ? ሳይነገር ከቀረ ነው። ሥዕሉ ላይ «የብስ 3 ጊዜ፣ የሐይቅ ወለል 60 ጊዜ የተጋነነ» ብላችሁ ጻፉ። የጎርጎራን ወሽመጥ ብቻ የሚሠራ ሰው ግን ሁለት መጠን አያስፈልገውም፣ ለሁሉም 10 ይበቃዋል። ለቀይ ባሕርም እንደዚያው።

የስሪዲ መስኮት

ቪው ከሚለው ሜኑ አዲስ የስሪዲ ካርታ ክፈቱ። ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤምን አንድ ላይ መጫንም ያስኬዳል። ቅንብሩ ውስጥ ቴሬን የሚለው ጋ ሂዱና ዓይነቱን ዴም፣ ፋይሉን የተዋሃደው ራስተር አድርጉ። ቨርቲካል ስኬል 3 ይሁን። በቁራጮች መካከል ስንጥቅ ካያችሁ ስከርት የሚለውን ቁጥር ጨምሩ። መሬቱ የደበዘዘ ከመሰለ የታይል ሬዞሉሽኑን ከፍ አድርጉ፤ ማሽኑ ካቃሰተ መልሱት። ሺፍት ይዛችሁ ማውሱን ስትጎትቱ ካሜራው ይዞራል።

ውሃውን ለመጨመር የሐይቁን ፖሊጎን ፕሮፐርቲ ክፈቱ። ስሪዲ ቪው ውስጥ ሲንግል ሲምቦል፣ ከፍታው አብሶሉት፣ ቁጥሩ 0። ቀለሙ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሁን። ወለሉ ከሥር ይታያል።

ከላይ የምታለብሱት ምስል ላይ አስቡበት። የሳተላይት ፎቶ የብሱን ያሳምረዋል፣ ሐይቁን ግን ቡናማ ያደርገዋል። ፎቶውን በዳርቻው ቆርጣችሁ ለየብሱ ብቻ ተዉት። ወለሉ የጥልቀት ቀለም ይልበስ። ሂልሼድ (የብርሃንና የጥላ ሥዕል) ጨምሩበት፤ ብርሃኑ ከሰሜን ምዕራብ፣ ከፍታው ከ45 ወደ 30 ዲግሪ ይውረድ። ብርሃኑን ከደቡብ ካደረጋችሁት ለብዙ ሰው ዓይን ጉድጓዱ ኮረብታ፣ ኮረብታው ጉድጓድ ይሆናል።

የለካችሁባቸውን ነጥቦችም በትንሹ አሳዩ። ተመልካቹ የትኛው ተለክቶ የትኛው እንደተገመተ ይወቅ። በየመሃሉ ሴቭ አድርጉ፤ መብራት ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ማውጣትና መቁጠር

ለጽሑፍ የሚሆን ምስል ከራሱ ከመስኮቱ ይቀመጣል። ቪዲዮ ከፈለጋችሁ አኒሜሽን የሚለው ካሜራውን ከነጥብ ነጥብ ያስኬድና ፍሬሞቹን ያወጣል። በስልክ እያሽከረከሩ ለማየት ኪውጂአይኤስ ቱ ስሪጄኤስ የተባለው ፕለጊን ነገሩን ወደ ድረ ገጽ ይቀይረዋል። ያኔ ካሬውን አስፉት፣ አለዚያ ስልክ አይከፍተውም።

ሐይቁን ሙሉ የሠራ ሰው የውሃውን መጠንም ማስላት ይችላል። ራስተር ሰርፌስ ቮልዩም የሚባል መሣሪያ አለ። ያልተጋነነውን ፋይል ስጡት፣ ቤዙን 0 አድርጉና ከሥር ያለውን ብቻ ቁጠር በሉት። ከዚያ ቤዙን −1 አድርጋችሁ ድገሙት። ሐይቁ አንድ ሜትር ሲጎድል ስንት ውሃ እንደሚሄድ፣ ስንት ካሬ ኪሎ ሜትርም እንደሚደርቅ ይነግራችኋል። የደረቀውን ቦታ በሌላ ቀለም ለዩና ስሪዲው ላይ አልብሱት። በጎርጎራ ድንጋይ በኩል ቀጭን መስመር ይሆናል፣ በደምቢያ በኩል ሰፊ ሜዳ።